ስድስት ሰዓት ላይ የመለሰው ድምፅ

የኡም ሰንጥ መጠለያ አስተዳዳሪ ኡስታዝ አሊ ሲሮጥ ያየው ሰው አልነበረም። በ1977 ዓ.ም. መጋቢት፣ በአንድ ማክሰኞ፣ ፀሐይዋ አናት ላይ ሳለች፣ የጀላቢያውን ጫፍ በአንድ እጁ ሰብስቦ የመቃብሩን ሜዳ እየሮጠ ተሻገረ።

ሃምሳ አለቃ ዳምጤ አካፋውን ተደግፎ ጠበቀው። ዳምጤ ጎንደር ፖሊስ ጣቢያ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ወንጀል መርማሪ ሆኖ ሠርቷል። ድንበር ተሻግሮ ሱዳን ከገባ ወዲህ ግን ሥራው የሞተውን መገነዝና መቅበር ብቻ ነው።

«ተነሥ ና» አለ አሊ እያለከለከ። አማርኛውን የለመደው መተማ ገበያ ሰሊጥ ሲነግድ ስለ ሆነ ትልቁንም ትንሹንም አንተ ይላል። «ጋረደው ሞቷል።»

«የሬዲዮው?»

«የሬዲዮው። ኤሌክትሪክ ገደለው ይላሉ። እኔም እንደዚያ ብዬ ለዶካ ፖሊስ ልጽፍ ነው። ግን አንተ መጀመሪያ እየው።»

ዳምጤ በዚያ ጠዋት አሥራ ሰባት ሰው ቀብሯል። ስለ አንዳቸውም ማን ገደላቸው ብሎ የጠየቀው አልነበረም።

የሬዲዮው ቤት ከመጋዘኑ ጀርባ ያለች የጭቃ ጎጆ ናት። ከጎኗ ሦስት የውሃ ቧንቧ ተቀጣጥሎ ምሰሶ ተተክሏል፤ ከአናቱ የሚወርደው ገመድ በመስኮት ይገባል። መጠለያው ከሁለት ቦታ ጋር የሚነጋገረው በዚያች ቤት ነው። አንዱ ገዳሪፍ ያለው ዋና ቢሮ ነው፤ በየቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ በብርቱ ማሰራጫ ይጣራል። ሁለተኛው የጠረፉ ጣቢያ ነው፤ አንድ ሰው በትከሻው የሚሸከማት ደካማ ሬዲዮ ብቻ አለችው። ከበለሳና ከወገራ በእግር የሚመጣውን ሕዝብ እየቆጠረ፣ የውሃ መኪና የት እንደሚላክለት አምስት ሰዓት ላይ የሚናገረው ይህ ጣቢያ ነበር።

በሩ ላይ አሰጋሽ የምትባል ሴት በርከክ ብላለች። ሬሳውን ያገኘችው እሷ ናት። ጋረደው ወንበሩ ላይ እንደ ተቀመጠ ግንባሩን ጠረጴዛው ላይ ደፍቷል። ማዳመጫው ጆሮው ላይ ነው።

«ሰባት ሰዓት ሆነ?» አለ ዳምጤ።

«ሩብ ጉዳይ ነው» አለ አሊ ሰዓቱን አይቶ።

ዳምጤ ከኋላው የቆመውን ረዳን ጠራው። ረዳ የሁመራ ሰው፣ የመጠለያው መካኒክ ነው። «ይህ ዕቃ ሰው ይገድላል?»

ረዳ ዓይኑ ቀልቷል። «በዚች የመኪና ባትሪ? አሥራ ሁለት ቮልት ናት፣ ሃምሳ አለቃ። ምላስህን ብታስነካት ትኮመጥጥሃለች። ሌላ ምንም አታደርግም።»

ዳምጤ የሟቹን መንጋጋ በአውራ ጣቱ ገፋው፤ ደርቋል። ጣቶቹን አንድ በአንድ አጠፋቸው፤ ገና ይታጠፋሉ። ከዚያ የሸሚዙን ኮሌታ ወደ ታች ሳብ አደረገና አጎንብሶ አየ። አንገቱን የዞረ ቀጭን ሰማያዊ መስመር ነበረ፤ ውፍረቱ ከማዳመጫው ገመድ ጋር አንድ ነው።

«ኡስታዝ አሊ፣ ኤሌክትሪክ ብለው አይጻፉ» አለ። «ታንቆ ነው። ማዳመጫውን ከሞተ በኋላ መልሰው አድርገውለታል።»

አሊ ጥምጣሙን ከራሱ አወረደው። «ወላሂ፣ ይህ ሕዝብ ሞት አነሰው?»

ዳምጤ ጠረጴዛውን በዓይኑ መረመረ። መቀበያው በግራ፣ ማሰራጫው በቀኝ። በመካከላቸው ከወተት ዱቄት ቆርቆሮ የተሠራች ትንሽ ሣጥን ተቀምጣለች። ፊቷ ላይ ከመድኃኒት ጠርሙስ ክዳን የተሠራ የሚዞር ቁልፍ አለ፤ በዙሪያው ከአንድ እስከ ዐሥር በሚስማር ተጭሯል። ቁልፉ ዐሥር ላይ ቆሟል። ቀይ መብራቷ ይበራል። ይሁን እንጂ ከምሰሶው የመጣው ገመድ ሣጥኗ ውስጥ አልገባም፤ አልፏት በቀጥታ መቀበያው ጀርባ ላይ ተሰክቷል።

ግድግዳው ላይ ጥቁር ሰሌዳ ተሰቅሏል። ወረቀት ስለሌለ ጋረደው መልእክት የሚጽፈው በጠመኔ ነበር። ሰሌዳው ባዶ ነው። ዳምጤ የክፈፉን ሥር በጣቱ ዳሰሰ፤ ርጥበት አገኘ።

«ጋረደው ሰሌዳውን በምን ነበር የሚያጠፋው?»

«በክንዱ ነዋ» አለ ረዳ። «ውሃ ለሰው በቀን ሦስት ሊትር እየተሰፈረ ማን ሰሌዳ ያጥባል?»

ዳምጤ ጣቱን ሱሪው ላይ ጠረገና ወደ አሰጋሽ ወጣ።

አሰጋሽ ሠላሳ ዓመት አይሞላትም፤ ፊቷ ግን የአምሳ ዓመት ሴት ነው። ዳምጤ አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጠ።

«ምን ልታደርጊ መጣሽ?»

«ልጠይቀው። ዕለት ዕለት በስድስት ሰዓት ተኩል እመጣለሁ። 'ጠረፍ ጠራ ወይ?' እለዋለሁ። 'ጠርቷል፤ ግን ጫጫታው ቃሉን ዋጠብኝ' ይለኛል።» ዓይኗን ከመሬቱ አላነሣችም። «እናቴና ሁለት ልጆቼ ከበለሳ ከወጡ አሥራ አምስት ቀናቸው።»

«ትናንትስ ምን አለሽ?»

«'ነገ እሰማቸዋለሁ' አለኝ። 'ጆሮ ሠርቻለሁ፣ አሰጋሽ፤ ነገ ነይ' አለኝ።»

ዳምጤ ስለምን ጆሮ እንደምታወራ ገብቶታል። ከዘጠኝ ቀን በፊት፣ ጋረደው በትኩሳት ተኝቶ በነበረበት ሳምንት፣ ከጠረፍ ወዲህ ባለ ሜዳ አርባ ስምንት ሰዎች በጥም ሞተው ተገኝተው ነበር። ጠረፍ አልጠራም፤ ማንም አልሰማም ተባለ። አብዛኞቹን የቀበረው ዳምጤ ራሱ ነው። ጋረደው ከሕመሙ እንደ ተነሣ መቀበያውን ፈታታውና ከዚያ ጊዜ አንሥቶ ከጎጆው አልወጣም።

ስለ ሣጥኗ ለዳምጤ ያስረዳው ረዳ ነው። ጋራዡ ማለትም ራኩባ በሚሉት፣ በአራት እንጨት ላይ በተዘረጋው የሣር ዳስ ጥላ ሥር ቆመው ነበር የተነጋገሩት።

«ማጉያ ናት፣ ሃምሳ አለቃ። ከሩቅ የመጣ ደካማ ድምፅ መቀበያው ሳይደርስ ታጎላዋለች። ይህ ብቻ ከሆነ እኔም እሠራዋለሁ። ችግሩ ሌላ ነው። ማንኛውም ማጉያ የራሱ ጫጫታ አለው። መጀመሪያ ላይ የገባችውን ጫጫታ ከኋላ ያለው ሁሉ እያባዛ ይወስዳታል፤ መጨረሻ ላይ ሹሹታ ብቻ ትሰማለህ። ስለዚህ የፊተኛው ማጉያ ዝምተኛ መሆን አለበት። ጋረደው ከተሰበሩ ሬዲዮኖች ሃያ ስድስት ትራንዚስተር ለቃቀመ። አንድ በአንድ እየሰካ ማዳመጥ ነው። ይቺ ታፏጫለች፤ ይጥላታል። ይቺ ታንሾካሹካለች፤ ይጥላታል። ሃያ ሦስተኛዋን ሲሰካት ከት ብሎ ሳቀ። 'ረዳ፣ ይቺ መነኩሴ ናት' አለኝ።»

«መቼ ነበር?»

«ትናንት ከሰዓት። ከእኔ በቀር ያየ የለም።»

«ቁልፏስ?»

«አዎ፣ ቁልፏ» አለ ረዳ፤ ድምፁ ተሰበረ። «በእሷ ሦስት ቀን ተከራክረናል። ሰዎች ተጣላን ብለው የሚያወሩትም ያንን ሰምተው ነው። እኔ ያለ ቁልፍ ትሠራ፣ ጊዜ የለም አልኩ። እሱ እምቢ አለ። ላሳይዎት እችላለሁ፤ አብረን እንሞክራት።» በሐዘን መካከል አንቱታው ትዝ ብሎት ነበር።

«ቆይ፤ እንሞክራታለን። ከአምስት ሰዓት ጀምሮ የት ነበርህ?»

«ከሙሐመድኑር ጋር፣ የውሃው መኪና ሥር።»

የውሃ መኪናው ሹፌር ሙሐመድኑር ግዙፍ የዶካ ሰው ነው። ጥያቄውን ሳይጠብቅ ተናገረ።

«አዎ፣ ተጣልተናል። የመኪናዬን ሁለተኛ ባትሪ ለሬዲዮው ወሰደብኝ። 'አንገትህን እሰብራለሁ' ብዬዋለሁ፤ ሰው ሰምቷል። ሰው ሲናደድ ይላል። ባትሪውን መልሼ ልወስድ ስችል ግን አልወሰድኩም። ለምን? ያቺን ሴትዮ በሩ ላይ ስላየኋት።»

«ሬዲዮ መነካካት ትችላለህ?»

«እኔ የመኪናዬን ጡሩምባ ነው የማውቀው።»

መጨረሻ ላይ ዳምጤ ታምሬን አስጠራው። ታምሬ ሁለተኛው የሬዲዮ ሠራተኛ ነው፤ ጋረደው በታመመበት ሳምንት ወንበሩ ላይ የተቀመጠው እሱ ነበር። እናቱ ስለ ታመመች ዶካ ክሊኒክ ወስዷት፣ አራት ቀን እዚያ ቆይቶ፣ በዚያው ዕለት ጠዋት በማሽላ ሎሪ ተመልሷል። ቀጭን፣ ትሑት፣ ሲናገር እጁን የሚያፋትግ ሰው ነበር።

«እናትህ እንዴት ናት?»

«ይመስገን፣ ሃምሳ አለቃ፤ ነፍሷ አለች። ለሠራተኛ የሚሰጠው ተጨማሪ ራሽን ባይኖር እስካሁን አትቆይም ነበር።»

«ጋረደውን መቼ አየኸው?»

«አራት ተኩል ላይ ገብቼ እንዴት ሰነበትክ አልኩት። ከዚያ መንገዱ አድክሞኝ ስለ ነበር ሄጄ ጋደም አልኩ። ስድስት ሰዓት ላይ ራሽን ልቀበል ስሄድ በመስኮቱ ሥር አለፍኩ። ያን ጊዜ ደኅና ነበር።»

«አየኸው?»

«ሰማሁት። የገዳሪፏ የሬዲዮ ሠራተኛ ባሕሪያ ስትጠራው ድምፅዋ ጥርት ብሎ ውጭ ድረስ ይሰማ ነበር። እሱም 'ማፊ ሐጃ' ብሎ መለሰላት፤ የሚነገር የለም ማለቱ ነው። ከዚያ እስከ ሰባት ሰዓት ሰልፍ ላይ ነበርኩ፤ ሁሉም ሰው አይቶኛል።»

«አዲሷን ሣጥን አሳየህ?»

«አሳይቶኛል። ከሩቅ የምታሰማ ናት አለኝ። አልነካኋትም፤ ሥራው ሲነካበት አይወድም።»

ዳምጤ አመስግኖ ሸኘው። ከዚያ ረዳን ይዞ ወደ ሬዲዮው ቤት ተመለሰ። ሬሳው ወጥቷል። ረዳ ከምሰሶው የመጣውን ገመድ ከመቀበያው ነቅሎ ሣጥኗ ላይ ሰካው፤ የሣጥኗን መውጫ ደግሞ ከመቀበያው ጋር አገናኘው። ቁልፉን ከዐሥር ላይ አላነሣውም።

«መጀመሪያ ጠረፍን» አለ ዳምጤ።

ረዳ ጠራ። ደጋግሞ ጠራ። ከማዳመጫው የወጣው እንደ ሩቅ ዝናብ የለሰለሰ ሹሹታ ነው። ሰው አልመለሰም።

«ሣጥኗ ትሠራለች» አለ ረዳ። «እነሱ ናቸው ዝም ያሉት። ባትሪያቸው አልቆ ይሆናል።»

ዳምጤ ፊቱን በሁለት እጁ ጠረገ። ከዚያ «አሁን ገዳሪፍን ጥራ» አለ።

ገዳሪፍ ወዲያው መለሰ። ከማዳመጫው የፈነዳው ግን ቃል አልነበረም፤ እንደሚቀደድ አቡጀዲ ያለ ጩኸት ነበር። ዳምጤ ራሱን ወደ ኋላ ወረወረ። ረዳ ቁልፉን ወደ ሁለት አዞረው። ጩኸቱ ረግቦ የአንዲት ሴት ድምፅ አጠገባቸው የተቀመጠች ያህል ጠራ።

«ይህ ነበር ክርክራችን» አለ ረዳ። «ለሩቅ ሹክሹክታ የተከፈተ ጆሮ በቅርብ ጩኸት ይደነቁራል። ጋረደው 'ሁለቱን መስማት አለብኝ፤ ስለዚህ እንደየድምፁ የምትስተካከል ትሁን' አለ። እሱ ልክ ነበር።»

ዳምጤ ባሕሪያን በረዳ አስተርጓሚነት ጠየቃት። አዎ፣ ስድስት ሰዓት ላይ ኡም ሰንጥ መልሶላታል። 'ማፊ ሐጃ' አላትና ዘጋ። ጋረደው ነበር? ባሕሪያ እርግጠኛ አልነበረችም። ድምፁ የጎረነነ መስሏት ነበር። ጋረደው ሁልጊዜ የልጆቿን ስም እየጠራ ደኅንነታቸውን ይጠይቃት ነበር፤ ዛሬ አልጠየቀም።

ዐሥር ሰዓት ላይ ዳምጤ ሁሉንም በሬዲዮው ቤት ውስጥ ሰበሰባቸው። አሊ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ረዳና ሙሐመድኑር ግድግዳውን ተደገፉ። ታምሬ መስኮቱ አጠገብ፣ አሰጋሽ በሩ ላይ ነበሩ። ዳምጤ መካከል ቆመ። ጎንደር እያለ እንዲህ ያለውን ሰዓት ይወደው ነበር፤ ዛሬ ግን ቶሎ ለመጨረስ ይቸኩላል።

«ጋረደው የሞተው ስንት ሰዓት ነው?» ብሎ ጀመረ። «እኔ ከአምስት ወር ወዲህ ሬሳ ያልገነዝኩበት ቀን የለም። በዚህ ሙቀት መንጋጋ እስኪደርቅ ቢያንስ አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጃል። እኔ ሩብ ጉዳይ ለሰባት ስነካው ደርቆ ነበር። ስለዚህ ጋረደው የሞተው አምስት ሰዓት ግድም፣ ቢዘገይ አምስት ከሩብ ላይ ነው።»

«ግን ስድስት ሰዓት ላይ ለገዳሪፍ መልሷል» አለ አሊ።

«አንድ ሰው መልሷል። ጋረደው አይደለም። ከሬሳው አጠገብ ቆሞ፣ በአረብኛ፣ 'የሚነገር የለም' ያለ ሰው ነው። ለምን? ጋረደው እስከ ስድስት ሰዓት በሕይወት ነበር እንድንል። ከስድስት በኋላ ሰው ሁሉ የሚያየው ቦታ ሊሆን አስቧል።»

ታምሬ እጁን ማፋተግ አቆመ።

«አሁን ሣጥኗን እዩ» አለ ዳምጤ። «ስንደርስ ቁልፏ ዐሥር ላይ ነበር፤ መብራቷም በርቷል። ዐሥር ለሩቅ ድምፅ ነው። ስለዚህ ጋረደው ሲሞት የሚያዳምጠው ጠረፍን ነበር፤ ሰዓቱም ያው አምስት ሰዓት ነው። እስካሁን አንድ ነን?»

«አንድ ነን» አለ አሊ።

«ስድስት ሰዓት ሲሆን ገዳሪፍ ጠራ። ገዳዩ ማዳመጫውን አነሣ። የሰማው የጨርቅ ቀደዳ ነው፤ ቃል አይለይም። ጋረደው ቢሆን ምን ያደርግ ነበር? ቁልፏን ወደ ሁለት ያዞራል፤ ያበጃት ለዚህ ነው። ረዳም ቢሆን እንደዚያ ያደርጋል፤ እኔ ፊት አድርጎታል። ገዳዩ ግን ገመዱን ከሣጥኗ ነቅሎ እንደ ድሮው በቀጥታ መቀበያው ላይ ሰካው። እኛም ያገኘነው እንደ ተሰካ ነው። ስለዚህ ገዳዩ መቀበያውን ጠንቅቆ ያውቃል፤ ማሰራጨት ያውቃል፤ ገዳሪፍ በስንት ሰዓት እንደሚጠራ ያውቃል፤ የሣጥኗን ቁልፍ ጥቅም ግን አያውቅም።»

አሊ ወደ ሣጥኗ አጎንብሶ ቁልፏን አየ።

«ረዳ ቁልፏን ያውቃል። ሙሐመድኑር መቀበያውን አያውቅም። አሰጋሽ ሁለቱንም አታውቅም፤ አረብኛም አትችልም። አራት ቀን ዶካ የከረመ፣ ሣጥኗ ስትሠራ ያላየ፣ ዛሬ ጠዋት በዓይኑ ብቻ ያያት አንድ የሬዲዮ ሰው አለ።» ወደ መስኮቱ ዞረ። «ታምሬ፣ የባሕሪያን ድምፅ ጥርት ብሎ ሰማሁ ብለኸኛል። ያንን የሚሰማው ሰው ገመዱን የነቀለው ሰው ነው። ጋረደው አምስት ሰዓት ላይ ከሞተ ደግሞ፣ አንተ በመስኮት የሰማኸው 'ማፊ ሐጃ' የማን ነው?»

ታምሬ ከመስኮቱ ወደ ግድግዳው ሸሸ።

«አልጨረስኩም» አለ ዳምጤ፤ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሰሌዳው በውሃ ታጥቧል። ሰው በሚጠማበት አገር ሰሌዳ በውሃ የሚያጥብ፣ የተጻፈው አንዲት ፊደል እንኳ እንዳትቀር የፈራ ነው። ጋረደው ጠረፍን ሰምቷል። ጽፎታልም። እኔ ልቀጣህ አልችልም፤ የዶካ ፖሊስ ከነገ ወዲያ ነው የሚመጣው። አንተን ለማጋለጥም አይደለም የሰበሰብኳቸው። የጠረፉ ሬዲዮ ከቀትር ጀምሮ ዝም ብሏል። የተናገረውን የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ አንዱ ሞቷል። ታምሬ፣ ሰሌዳው ላይ ምን ተጽፎ ነበር?»

ታምሬ በግድግዳው ታክኮ ቁልቁል ወረደና መሬት ላይ ተቀመጠ።

«ደርሶኛል አልኳቸው» አለ።

«መቼ?»

«ያኔ። የአርባ ስምንቱ ጊዜ። ጠረፍ ጠራኝ፤ የምሰማው ጫጫታ ብቻ ነው። ድገሙልኝ አልኩ። ሦስት ጊዜ ደገሙልኝ። አራተኛውን መጠየቅ አፈርኩ። የማይሰማ ሠራተኛ ምን ያደርግላቸዋል? ከዚህ ወንበር ያነሡኛል፤ ራሽኑ ይቀራል፤ እናቴ... 'ደርሶኛል' አልኩና ዘጋሁ። ነገ መልሰው ይጠሩ ይሆናል ብዬ ነበር። አልጠሩም። ውሃ ይመጣል ብለው ቁጭ አሉ።»

አሰጋሽ ከበሩ ወደ ውስጥ ገባች።

«ዛሬ ጋረደው ሲያዳምጥ ማዳመጫው እኔም ድረስ ይሰማ ነበር። እንዲህ ጠርቶ ሰምቼ አላውቅም። የጠረፉ ሰውዬ 'ባለፈው ደርሶናል ብላችሁ አልመጣችሁም፤ አሁንም እንደዚያ ልታደርጉ ነው?' አለው። ጋረደው ዞሮ አየኝ። ቢሰድበኝ ምን ነበር! ጠመኔውን አንሥቶ የነገሩትን ጻፈ። ከዚያ ቁጭ ብሎ ሊመልስላቸው ማዳመጫውን ሲያስተካክል 'ይህን ለሰው መንገር አለብኝ፣ ታምሬ' አለኝ። እኔ ከኋላው ነበርኩ።»

«ሰሌዳውንስ ለምን አጠብክ?» አለ አሊ ድንገት ጮኾ። «አንዱን ገደልክ፤ ሌሎቹ ምን አደረጉህ?»

«ባትሪያችን እያለቀ ነው ብለው ነበር» አለ ታምሬ። «እነሱም ዝም ካሉ ሁሉም ነገር ዝም ይላል ብዬ ነው።»

ሙሐመድኑር ወደ እሱ አንድ እርምጃ ተራመደ። አሰጋሽ ግን ቀደመችው። ታምሬ ፊት ተንበረከከችና፣ ሳትነካው፣ ሰው ለልጅ በሚናገርበት ድምፅ ጠየቀችው።

«የት ነው ያሉት፣ ወንድሜ?»

ታምሬ መጀመሪያ አላያትም። ከዚያ ተናገረ። ስድሳ ሁለት ሰዎች ናቸው። ኮር ጠርፋ በሚባለው፣ ክረምት ብቻ በሚፈስ ወንዝ ዳር ናቸው። ጉድጓዱ ደርቋል። ከትናንት ጀምሮ ውሃ የላቸውም።

ሙሐመድኑር ዐረፍተ ነገሩ ሳያልቅ ወጥቶ ነበር። ረዳ ባትሪውን ነቅሎ ተከተለው። የውሃው መኪና አሥራ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ተነሣ፤ አሰጋሽና ዳምጤ ከላይ፣ ከጀሪካኖቹ መካከል ተቀምጠው ነበር። መንገዱ መንገድ አልነበረም፤ የተሰነጣጠቀ ጥቁር አፈር ነው። ሁለት ጊዜ ጎማ ቀየሩ። ኮር ጠርፋ የደረሱት በማግስቱ ረፋድ ላይ ነው።

አሥራ አራት ሰዎች በሕይወት ነበሩ። የቀሩት በደረቀው ጉድጓድ ዙሪያ፣ አንዳንዶቹ እጃቸውን ወደ ውስጥ እንደ ሰደዱ ቀርተዋል። የጠረፉ ሰዎች ይሻላል ብለው ወደ ጉድጓዱ የላኳቸው የውሃ መኪና እዚያ እንደሚያገኛቸው አምነው ነው።

አሰጋሽ እናቷን በነጠላዋ ጥለት ለየቻት። ትልቁ ልጇ በአያቱ ጉልበት ላይ ነበር። ትንሿ ልጇን አላገኘቻትም፤ የት እንደ ቀረች የሚነግራትም አልነበረም፤ የተረፉት መናገር አይችሉም። አሰጋሽ አላለቀሰችም። ተነሥታ ጀሪካን ተሸከመችና፣ ሙሐመድኑር እንዳሳያት፣ ለአሥራ አራቱም ከንፈራቸውን በጨርቅ እያራሰች ዞረች። መጠለያው ሲደርሱ የተረፉት ዐሥራ አንድ ሆነው ነበር።

ታምሬ የትም አልሄደም። ዳምጤ ሲመለስ ያገኘው በሬዲዮው ቤት ጥላ ሥር ተቀምጦ ነው። የሠራው ሥራ በመጠለያው ሁሉ ተሰምቷል። ያም ሆኖ ድንጋይ የወረወረበት፣ የሰደበው እንኳ አልነበረም። ሰዉ እያየው ወደ ራሽኑ ሰልፍ ያልፋል፤ ለመቆጣት የሚሆን ጉልበት አልተረፈውም። በሦስተኛው ቀን ከዶካ አንድ ፖሊስ በሎሪ መጥቶ ወሰደው። ሲሳፈር ዳምጤን «እናቴን አደራ» አለው። ዳምጤ ወደ ዶካው ክሊኒክ ሰው ላከ፤ እናቱ ከሁለት ቀን በፊት ሞታለች።

በሚያዝያ አጋማሽ ገዳሪፍ ነዳጅ ጨረሰ። የውሃው መኪና ራኩባው ሥር ቆመ። ሬዲዮው ግን ከመቼውም ይበልጥ ይሰማ ነበር፤ ጠረፍ አዲስ ባትሪ አግኝቷል። ረዳ ለአሰጋሽ ማሰራጫውን፣ መቀበያውን፣ የቁልፏን አዟዟር አስተምሯት ነበር። ሌላ የምትጠብቀው ስለሌላት ከጠዋት እስከ ማታ ወንበሩ ላይ ትቀመጣለች።

አንድ ሐሙስ አምስት ሰዓት ላይ ጠረፍ ጠራ። ዳምጤ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ሰባ አምስት ሰዎች መድረሳቸውን፣ ውሃ የሚበቃቸው ለአንድ ቀን ብቻ መሆኑን የጠረፉ ሰውዬ ተናገረ። አንድም ቃል አልጠፋም፤ ሲተነፍስ እንኳ ይሰማል። «መኪናው መቼ ይደርሳል?» አለ።

አሰጋሽ ወደ ዳምጤ ዞረች። ዳምጤ ራሱን ነቀነቀ፤ ምን ማለቱ እንደ ሆነ ግን ራሱም አላወቀም።

«ሰምቻችኋለሁ» አለች አሰጋሽ። «ሰባ አምስት ናችሁ። መኪናው ነዳጅ የለውም። ውሃ አይመጣም።»

የጠረፉ ሰውዬ ስሟን ጠየቀ።

«ማን ልበል?»

«አሰጋሽ። የበለሳ ሰው ነኝ። ስሙኝማ፣ አትጠብቁን። ወደ ኮር ጠርፋ አትምጡ፤ ደርቋል። በሰሜን በኩል ወደ አትባራ ወንዝ ዙሩ። ሦስት ቀን ነው፤ ግን ኩሬ አለበት። ዛሬውኑ ተነሡ።»

«ሦስት ቀን የማይችሉ አሉ፣ እቴ።»

«አውቃለሁ» አለች።

ሰውዬው «እውነቱን ስለ ነገርሽን እግዜር ይስጥሽ። ልንገራቸው» ብሎ ዘጋ።

ከሰባ አምስቱ ሠላሳ አንዱ በስድስተኛው ቀን፣ ከወንዙ በኩል፣ በእግራቸው ኡም ሰንጥ ደረሱ።